እባብ የሚያረባው ልጅና ወረቀት የሚፈሩት አባት

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል የሀገራችን ሰው። ይህን ብሂል ካለፈው የካቲት ወር ወዲህ ደጋግሜ አሰላስዬዋለሁ። በአንድ ጣራ ሥር፣ እውነተኛውን እባብ በክንዱ ላይ ጠምጥሞ የሚስቅ ልጅና አንዲት ቅጠል ወረቀት አይተው ላብ ያጠመቃቸው አባት አይቻለሁና። እባቡን የያዘው ልጅ አልበረየም፤ ልጡን ያዩት አባት ግን በረዩ። ለምን? የዛሬው ጽሑፌ ጥያቄ ይህ ነው።

ወዳጄ ስድሳዎቹን የተሻገሩ፣ በሀገር ቤት አንዲት መለስተኛ ከተማ ውስጥ ለሃያ ዓመታት ያህል ሸቀጣ ሸቀጥ ሲነግዱ የኖሩ፣ ዛሬ ደግሞ በሰሜን ቨርጂኒያ ከነቤተሰባቸው የሚኖሩ ጨዋ ሰው ናቸው። በዕድሜ ታናሻቸው ብሆንም «ዶክተር» እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ በእርሳቸው ዘንድ ዶክተር ማለት ከየትኛውም መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ የሚገለጽለት ሰው ማለት ነው። አንድ ማምሻ ስልክ ደውለው፣ «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ በስተርጅናዬ ሊያሳስረኝ ነው፤ የግብር ወረቀት መጣበት» አሉኝ። የሒሳብ ባለሙያ አለመሆኔን ብነግራቸውም ሊሰሙኝ አልፈቀዱም። በማግስቱ ሄድኩ።

ልጁ 21 ዓመቱ ነው፤ ኮሌጅ ይማራል፤ ሌላ ሥራ የለውም። በቤቱ ቤዝመንት ውስጥ ግን አንድ ሙሉ ክፍል ይዞ ቦል ፓይተን የተባለውን ዘንዶ ያረባል። ይህ ዘንዶ መገኛው ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ መርዝ የለውም፤ ሲደነግጥ ራሱን መሐል አድርጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። ሴቲቱ የምትጥለው እንቁላል በጣት የሚቆጠር ነው፤ እንቁላሎቹ በማስፈልፈያ ሣጥን ውስጥ ሁለት ወር ገደማ ሙቀታቸው ተጠብቆ ይቆዩና ይፈለፈላሉ። ዋጋውን የሚወስነው ቀለሙ ነው። አርቢዎች በዘር የሚተላለፉ ቀለሞችን እያዳቀሉ ነጭ፣ ቢጫ፣ ዝንጉርጉር ያወጣሉ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጡ የነበሩ ቀለሞች ዛሬ አርቢው ስለበዛ በጥቂት መቶዎች ይገኛሉ። ልጁ ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ አባትየው ከደረጃው ላይ ቆመው ነበር። ወደ ክፍሉ አልገቡም።

ወረቀቱን አየሁት። ልጁ ገንዘብ የሚቀበልበት የኢንተርኔት ክፍያ ድርጅት የላከው ፎርም 1099-ኬ የተባለው ነው። «በዓመቱ ውስጥ በአንተ ስም 6,400 ዶላር አልፏል» ይላል፤ ከዚህ የተለየ ነገር አይልም። ክስ አይደለም፤ የግብር ውሳኔም አይደለም። አባትየው ግን አንድ ጊዜ አንብበው የደረሱበት መደምደሚያ «ገምተውታል» የሚል ነበር። ከወዳጆቻቸው ጋር ቡና ሲጠጡ ያገኙት ምክርም ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር፦ ከእንግዲህ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ይሽጥ፤ የጻፈውን ያጥፋ፤ ዝም ካለ ይረሱታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የዚህ ፎርም ነገር ባለፉት ዓመታት አሜሪካኖቹን ራሳቸውን ሲያደናግር የከረመ ጉዳይ ነው። ቀድሞ የክፍያ ድርጅቶች ፎርሙን ለፌዴራሉ መንግሥት እንዲልኩ የሚገደዱት ሻጩ በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ ሲቀበልና ግብይቱም ከ200 ሲበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሕግ ጣሪያውን ወደ 600 ዶላር አወረደው፤ አፈጻጸሙ ከዓመት ዓመት ሲተላለፍ ቆየ፤ በ2025 ደግሞ ሌላ ሕግ መጣና ወደ ቀድሞው 20,000 እና 200 መለሰው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ግን በየራሳቸው ሕግ የ600 ዶላሩን መጠን ይዘዋል። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖረው ደግሞ በእነዚሁ አካባቢዎች ነው። ዳሩ ግን ከዚህ ሁሉ ውዥንብር ሥር ያልተለወጠ አንድ እውነት አለ፦ ፎርሙ መጣም ቀረም ገቢው ገቢ ነው። የአሜሪካ የግብር ሕግ «ከየትኛውም ምንጭ የተገኘ» ገቢን ሁሉ ይቆጥራል። ልጁ አንዱን ዘንዶ በሌላ ዘንዶ ቢለውጥ እንኳ የተቀበለው እንስሳ የገበያ ዋጋ እንደ ገቢ ይታያል። በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ገቢውን ከሻጩ ደብተር ያጠፋዋል እንጂ ከሕጉ አያጠፋውም።

ታዲያ ልጁ ምን ያህል ሊከፍል ነው? ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተቀመጥንና ቆጠርን። ለአይጥ መኖ፣ ለማሞቂያ፣ ለመደርደሪያ፣ ለእንስሳት ሐኪም፣ ለማጓጓዣ ሣጥን፣ በትርዒት ገበያ ላይ ለጠረጴዛ ኪራይ ያወጣው ተደምሮ 3,900 ዶላር ሆነ። የቀረው 2,500 ነው። ሌላ ገቢ ስለሌለው የፌዴራል የገቢ ግብሩ ዜሮ ነው። የሚከፍለው ለራሱ የሚሠራ ሰው ሁሉ የተጣራ ገቢው 400 ዶላር ሲደርስ የሚከፍለውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ ነው፤ ይኸውም ከተጣራው ገቢ 92.35 በመቶው ላይ 15.3 በመቶ፣ በእርሱ ሒሳብ 353 ዶላር ገደማ። በዚህ ክፍያ ደግሞ ለጡረታ ከሚያስፈልጉት 40 ነጥቦች አንዷን ያገኛል፤ በ2025 አንድ ነጥብ የምትገኘው በ1,810 ዶላር ገቢ ነበርና። አባትየው ቁጥሩን ሲሰሙ ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያም «ያወጣውን ማን ያምነዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ውድ አንባብያን፣ የነገሩ ሁሉ እምብርት ይህች ጥያቄ ናት። መልሷን ከመስጠቴ በፊት ግን ይህን የአሜሪካ ሕግ በምስጋና ብቻ እንደማላልፈው ልናገር።

ሕጉ ለዘንዶ አርቢ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ያህል አገኘህ?» የሚል አይደለም፤ «ይህ ለአንተ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?» የሚል ነው። ሥራ ከሆነ ወጪውን ከገቢው ይቀንሳል፤ ቢከስርም ኪሳራውን ከሌላ ገቢው ላይ ያወራርዳል። ጨዋታ፣ ማለትም የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ከሆነ ግን፣ ከ2018 ጀምሮ ወጪው ተቀባይነት የለውም፤ ለዘለቄታውም እንዲሁ እንዲሆን በ2025 ተደንግጓል። በምሳሌ ላስረዳ። ቀን ቀን በቢሮ የሚሠራ፣ ማታ ማታ እንሽላሊት የሚያረባ ሰው በዓመቱ 4,000 ዶላር ሸጦ 5,000 አወጣ እንበል። አርቢ ነህ ከተባለ የ1,000 ዶላር ኪሳራ አለበት፤ ከደመወዙ ላይ ይቀነስለታል። ተጫዋች ነህ ከተባለ ግን ለመሸጥ ብሎ የገዛቸው እንስሳት ዋጋ ካለ ከዚያ በቀር የሚቀንሰው ነገር የለም፤ 4,000ው ከደመወዙ ጋር ይደመራል። የሚከፍለው 22 በመቶ ከሆነ በከሰረበት ነገር ላይ 880 ዶላር ግብር ይከፍላል ማለት ነው። ገቢውን ገቢ ብሎ፣ ወጪውን ወጪ አልለውም የሚል ሕግ፣ በእኔ እምነት፣ ፍትሕ ይጎድለዋል።

ይህ ድንጋጌ ሲወጣ የታለመው ለሌላ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አንቀጽ 183 ሲደነገግ በሕግ አውጪዎቹ ዓይን ፊት የነበረው በከተማ የሚከብር፣ በገጠር ደግሞ ለክብሩና ለደስታው እርሻ ይዞ ኪሳራውን ከከተማው ገቢ ላይ የሚያወራርድ ባለጸጋ ነው። ዓላማው መልካም ነበር። አተገባበሩን ግን እንመልከት። ከአምስት ተከታታይ ዓመታት በሦስቱ ያተረፈ ሰው ለትርፍ እንደሚሠራ ይገመትለታል፤ ተቃራኒውን ማስረዳት የመንግሥት ፈንታ ይሆናል። ፈረስ ለሚያረባ፣ ለሚያሠለጥንና ለሚያሽቀዳድም ግን ከሰባት ዓመት ሁለቱ ይበቃሉ። በ1986 ሕጉ ሲጠብቅ የሌላው ሁሉ ከሁለት ወደ ሦስት ዓመት ከፍ ሲል የፈረሱ አልተነካም። ለመሆኑ የእሽቅድድም ፈረስ በጋጣው ያሰረው ማን ነው? ባለጸጋውን ለመያዝ የወጣው ሕግ ለባለጸጋው ጋጣ በር ትቶለታል፤ በቤዝመንቱ ውስጥ ዘንዶ ለሚያረባው ተማሪ የተተወ በር ግን የለም።

ተሳቢዎች የተረሱት በዚህ ብቻ አይደለም። ለእርባታ የተያዘ ከብት ሲሸጥ የሚገኘውን ጥቅም የሚተረጉመው ደንብ ከብቱን፣ አሳማውን፣ በቅሎውን፣ አህያውን፣ በጉንና ፍየሉን ከቆጠረ በኋላ እነማን እንደማይገቡ ሲዘረዝር ዓሣ፣ እንቁራሪትና ተሳቢ እንስሳት በስም ተጠርተው ከበር ተመልሰዋል። ለቤት መዝናኛ የሚሆን እንስሳ የሚያረባ ሰው ሒሳቡን የሚያቀርበው በገበሬው ቅጽ በስኬጁል ኤፍ ሳይሆን በነጋዴው ቅጽ በስኬጁል ሲ ነው። ገበሬው የዓመቱን ግብር በአንድ ጊዜ እንዲከፍል የተፈቀደለትን ያህል ዘንዶ አርቢው አይፈቀድለትም፤ በዓመቱ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ እንደሚኖርበት ከገመተ በሚያዝያ፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በቀጣዩ ጥር አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ወር አቆጣጠር፣ አራት ጊዜ በቅድሚያ መክፈል አለበት። በዚህ ላይ የክፍለ ግዛቱ የሽያጭ ግብር አለ። በሰሜን ቨርጂኒያ 6 በመቶ ነው። ትልልቆቹ የኢንተርኔት ገበያዎች ራሳቸው ሰብስበው ያስገባሉ፤ በትርዒት ገበያ ጠረጴዛ ዘርግቶ በእጁ የሚሸጥ ግን ከገዢው ተቀብሎ ማስገባት የራሱ ኃላፊነት ነው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ሳስረዳቸው «ታዲያ ከእኛው በምን ተሻለ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የተሻለው በአንድ ነገር ነው፤ እርሱም ቀላል አይደለም። ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ የሚለውን ለመወሰን የአሜሪካ ደንብ ዘጠኝ መመዘኛዎች ያስቀምጣል። ሰውየው የሚሠራው እንደ ነጋዴ ሒሳብ ይዞ ነውን? ዕውቀቱስ? የሚሰጠው ጊዜና ድካምስ? ያለው ንብረት ዋጋው ወደፊት ይጨምራል ብሎ ይጠብቃልን? ቀድሞ በሌላ ሥራ ተሳክቶለታልን? የትርፍና የኪሳራው ታሪክ ምን ይመስላል? ሲያተርፍስ ምን ያህል ነው? ሌላ መተዳደሪያ አለውን? ዘጠነኛው ደግሞ ደስ ይልሃል ወይ ይላል። (ሥራውን የሚወድ ሰው በሕግ ፊት ለጥርጣሬ መጋለጡ አስቂኝ ነው፤ ቢሆንም መውደዱ ብቻውን አይጥለውም።) ከእነዚህ አንዱም ብቻውን ወሳኝ አይደለም፤ የሦስቱን ዓመት ያላሟላም ወዲያው ተጫዋች አይባልም። ዘጠኙም ጥያቄዎች የሚቀርቡት ለራሱ ለሰውየው ነው፤ ሰውየው ይናገራል። የመጀመሪያው ተናጋሪ ግብር ከፋዩ ነው፤ መንግሥት መርማሪ ሆኖ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጁን «ምን የጻፍከው ነገር አለህ?» አልኩት። ሁለት ወፍራም ደብተሮች አመጣ። እያንዳንዷ ሴት ዘንዶ መቼ እንደተገዛች፣ በስንት፣ ከማን ጋር እንደተዳቀለች፣ መቼ ስንት እንቁላል እንደጣለች፣ የማስፈልፈያው ሙቀት ስንት እንደነበር፣ እያንዳንዱ ልጅ ሲፈለፈል ስንት ግራም እንደመዘነ፣ መቼ በስንት ለማን እንደተሸጠ በቀን በቀኑ ሰፍሯል። ለግብር ብሎ አልጻፈውም፤ የዘር ሐረጉን የማያውቅ አርቢ የቀለሙን ምንጭ ስለማያውቅ ነው የጻፈው። ሆኖም ከዘጠኙ መመዘኛዎች የመጀመሪያውን ሳያውቀው አሟልቶ ተገኘ። ደረሰኞቹን ጨምሮ ከያዘ፣ ክፍሉንም ለዚህ ሥራ ብቻ ካዋለው፣ እንደ ቤት ውስጥ ሥራ ቦታ ቆጥሮ እስከ 300 ካሬ ጫማ ድረስ በካሬ ጫማ 5 ዶላር ሊያስብ እንደሚችልም ነገርኩት፤ ሒሳባችን ከዚያ በታች ሊወርድ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ ለግብርም ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። «ያወጣውን ማን ያምነዋል?» ያሉት ከባዶ ሜዳ ተነሥተው አይደለም። በሀገራችን በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነጋዴውን በሦስት ደረጃ መድቦት ነበር። ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነው ደረጃ «ሐ» ሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም፤ ግብሩ በግምት ይወሰናል። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምቱ ሲነገር ብዙ ነጋዴ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ጮኸ፤ በሐምሌ ወር አምቦና ወሊሶን በመሳሰሉ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደረጃዎቹን ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ ወሰኑን ወደ 2 ሚሊዮን ብር ከፍ አድርጎታል። የሕጉ ቁጥር ተለውጧል፤ በ2009 ሐምሌ በሰው ልብ ውስጥ የገባው ፍርሃት ግን በማሻሻያ አዋጅ አይወጣም።

ግምት በራሱ ኃጢአት አይደለም። መዝገብ የማይዝ አነስተኛ ነጋዴን በግምት ማስከፈል በብዙ ሀገሮች የሚሠራበት ዘዴ ነው። ችግሩ ግምቱ ተገማቹን አፍ የሚያሳጣው ሲሆን ነው። ነጋዴው «እንዲህ ሸጥኩ፣ እንዲህ አወጣሁ» የሚልበት ቦታ ከሌለው፣ ለመንግሥት ያለው መልስ ዝምታ ወይም ሽሽት ብቻ ይሆናል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚል ብሂል ላደገ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በቋንቋችን ግብር የሚለው ቃል ለንጉሥ የሚገባውንም፣ ንጉሥ የሚያበላውንም ማዕድ ይጠራል። ገባሩ የሰጠው በአንድ በኩል ይገባል፤ በሌላ በኩል ለመኳንንቱ ግብር ይበላል። በዚህ መሐል ገባሩ ስንት እንዳመረተና ስንት እንደቀረው የሚጠይቀው አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ልምድ በሻንጣው ይዞ የመጣ ሰው እዚህ ሀገር «በጥሬ ገንዘብ ሽጥ፣ አትጻፍ» ቢል አላዋቂ አልለውም። በሀገሩ ዝምታ ጋሻው ነበር። እዚህ ግን ያው ጋሻ ራሱን ይመታዋል። መጻፍ የተወ ሰው ገቢውን ለመደበቅ ብሎ ወጪውንም ይደብቃል፤ ሊቀነስለት የሚገባውን በገዛ እጁ ይጥላል። የጡረታ ነጥቡ አይቆጠርለትም፤ ቤት ለመግዛት ባንክ ሲሄድ «ገቢህ የት አለ?» ሲባል የሚያሳየው የለውም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የመናገር መብቱን ማጣቱ ነው። ግብሩን በይፋ የከፈለ ሰው ግን ፈረሱ ከዘንዶዬ በምን በለጠ ብሎ የምክር ቤት እንደራሴውን ሊጠይቅ ይችላል። የዋሽንግተን ዲሲ መኪኖች ውክልና የሌለው ግብር መክፈላቸውን በታርጋቸው ላይ ጽፈው ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየአደባባዩ ሲዞሩ የምናየው ለዚህ ነው፤ ቅሬታቸውን በታርጋቸው የለጠፉት ከፋዮች ስለሆኑ ነው። የተደበቀ ሰው ታርጋ የለውም።

ለሀገር ቤት ገቢ ሰብሳቢዎችም አንድ ቃል አለኝ። ነጋዴው መዝገብ አይዝም እያላችሁ ስታማርሩ እንሰማለን። መዝገብ የሚይዘው ግን መዝገቡ የሚነበብለት ሰው ነው። አንድ ጊዜ ደብተሩን ከፍቶ ያሳየውን ሰው ደብተሩን ሳትገልጡ ከገመታችሁበት፣ በቀጣዩ ዓመት ደብተር አይገዛም። ግብር ከፋይ በአዋጅ አይፈጠርም፤ በመደመጥ ይፈጠራል።

ልጁ ቅጹን ሞልቶ፣ 353 ዶላሯን ከፍሎ፣ ከሚያዝያ 15 ቀን በፊት (እ.ኤ.አ.) ላከ። ወዳጄ በፊርማው ጊዜ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። ልጁ ደብተሮቹን ሲሰበስብ አንዱን ከእጁ ወስደው ገጽ በገጽ ገለጡት፤ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ባያነቡትም የቁጥሮቹን አምድ በጣታቸው ይከተሉ ነበር። በመጨረሻም እንዲህ አሉኝ፦ «ዶክተር፣ እኔም እኮ ደብተር ነበረኝ። የዱቤውን፣ የእጅ በእጁን፣ የመኪና ጭነቱን፣ ሁሉንም ለይቼ ነበር የምጽፈው። ሊገምቱ የመጡ ቀን ከባንኮኒው ላይ አውጥቼ አስቀመጥኩት። አንዱም አልገለጠውም።»

ከዚያ ደብተሩን ለልጃቸው መለሱና፣ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ዘንዶዎቹ ክፍል ወረዱ።

ቸር ይግጠመን።